ጓሳና የእናቶቻችን ሂሳብ

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የተገኛችሁ አባላት ክርክሩን አትረሱትም። ተዘዋዋሪ የብድር ሣጥናችን እየሳሳ በመምጣቱ «ለሁለት ዓመት ይዘጋና ያገግም» ያልን ነበርን፤ «ሣጥኑ ከተዘጋ ማኅበሩ ለምን አስፈለገ?» ያልንም ነበርን። የሂሳብ ክፍሉ፣ ማለትም ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እኛው፣ ይዘጋ ከሚሉት ወገን ነበርን። ቁጥሩ ግልጽ ነው ብለን ነበር። ለማስረጃም ጓሳን ጠራን። «አባቶቻችን ጓሳን ለአራት መቶ ዓመት ያቆዩት እየዘጉ ነው» አልን። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት የመንዝ እናታችን ብድግ ብለው፣ «ልክ ናችሁ ልጆቼ፣ ይዘጋ ነበር። ሲዘጋ ማንን እንደሚበርደው ግን አልተናገራችሁም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ጉባኤው ሳይወስን ተበተነ። ጥያቄው ግን አብሮን ወደ ቤት ገባ። ከአባላታችን ብዙዎቹ መንዝ የተወለዱ ወይም የመንዝ ሰው ልጆች ናቸው። ስለዚህ በየቤታቸው እየዞርን፣ ቡናቸውን እየጠጣን ጠየቅን፤ የተጻፈውንም ባገኘነው መጠን አነበብን። የታሪክ ባለሙያዎች አይደለንም። ሥራችን ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር ማመሳከር ነው፤ ይህንንም የሠራነው በዚያው መንገድ ነው።

መንዝን ላላዩ ደጋፊዎቻችን አገሩን እናስቀድም። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ጣርማበር ላይ የደሴውን መንገድ ትቶ ወደ ግራ የታጠፈ ሰው በመዘዞ በኩል ሞላሌ፣ ከዚያም መሐል ሜዳ ይደርሳል። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጭት፣ በሰሜን ቀጨኔ የሚባሉት ወንዞች ያጥሩታል። በምሥራቅ ደግሞ ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ፤ ከጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያዩ የይፋትና የቀወት ቆላ ከደመና ሥር ይታያል። ከዚህ ተራራ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አዋሽን ይቀላቀላል። ደጋው ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። እግር ሲጀምር ግን መሬቱ በድንገት ይቋረጥና ገደል ይሆናል። ከማዶው መንደር የውሻ ጩኸት ይሰማል፣ የቡና ጭስ ይታያል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ መውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እናቶቻችን ሲዳሩ «ማዶ ነው የሰጡኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። በዓይን ቅርብ፣ በእግር ሩቅ።

እርሻው ገብስ ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ ስንዴና ተልባም አለ፤ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን ገብስ ብቻውን ይቀራል። ሰማዩ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠበቀው፤ በበልግና በክረምት። በልግ ከቀረ ወይም ውርጭ ቡቃያውን ከመታው ዓመቱ ከመጀመሩ አለቀ ማለት ነው። ከገብሱ ዓይነቶች አንዱ ሰነፍ ገብስ ይባላል፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ መሸክሸክ አያስቸግርም። «ሰነፍ ሴት እንኳ ትሠራዋለች» ለማለት የወጣ ስም ነው አሉን። ስሙን ያወጣው ሰው ዘነዘና ይዞ የሚያውቅ አይመስለንም። ሌላውን ገብስ በሙቀጫ ወቅጦ፣ አንፍሶ፣ እንደገና ሸክሽኮ፣ ቆልቶ፣ በድንጋይ ወፍጮ በጉልበት ተንበርክኮ ፈጭቶ በሶ ማድረስ ከንጋት በፊት የሚጀመር ሥራ ነበር። ይህን የሚሠራው ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

በታሪክ መጽሐፍ መንዝ የሚነሳው በነገሥታት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነስቶ የሸዋን መስፍናዊ ቤት መሠረተ፤ ከእርሱ ዘር ሣህለ ሥላሴ፣ ከሣህለ ሥላሴም ምኒልክ መጡ። ወታደሩና ቄሱ ከዚያ ብዙ እንደወጣ ይነገራል። ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ስንፈልግ አንዲት አገኘን፤ የሣህለ ሥላሴን እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅን። ከሞፈር ውሃ ወዲህ ባለችው ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው የራሳቸውን ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲጓዝ በዚያ አልፎ አግኝቷቸዋል። እኚህን ስናገኝ ደስ አለን፤ ትንሽ ቆይተን ግን አሰብን። የንጉሥ እናት ያልሆነችው የት ተጻፈች?

መልሱን ያገኘነው ሁለት ቦታ ነው፤ በርስትና በሰማንያ።

የድሮው አጽመ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን እስካስረዳ ድረስ ዘሩ በሴት በኩል ቢሆንም ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ስለዚህ የመንዝ ሰው የአያቶቹን ስም፣ የሴት አያቶቹንም ጭምር፣ ወደ ኋላ ብዙ ትውልድ ድረስ ይቆጥራል። ይህ ለትዝታ ብቻ የተያዘ አልነበረም፤ የባለቤትነት ሰነድ ነበር። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው የሂሳብ መዝገቡ በቃል የተያዘ ሆኖ ሴቶች በስማቸው ተመዝግበውበታል። ክፍተቱ ከመዝገቡ ወደ እርሻው ሲመጣ ነበር። ሴት ልጅ ባሏ አገር ትዳራለች፤ ድርሻዋን ወንድሞቿ ያርሱታል። «ወንድሜ እህል ይልክልኝ ነበር» ያሉን አሉ፤ «ሲያገባ ቀረ» ያሉንም አሉ። መብቱ በወረቀት ሳይሆን በወንድም ፀባይ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ተሰብሳቢ ሂሳብ ተብሎ በየዓመቱ የሚዘዋወር፣ ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ የማይሆን ምን እንደሆነ የሂሳብ ሰው ያውቀዋል።

ሰማንያው ግን ጠንከር ያለ ነበር። በሰማንያ የሚጋቡ ሰዎች ሁለቱ ወገኖች የሚያመጡት ከብትና ዕቃ በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል፤ ዋስም ይጠራል። ከተፋቱ አብረው ያፈሩት ይካፈላል። አንዲት አባላችን አያታቸው ሁለት ጊዜ ፈትተው ሁለቱንም ጊዜ በጎቻቸውን እየነዱ መመለሳቸውን በኩራት ነገሩን። «አያቴ ፊደል አትቆጥርም፤ በጎቿን ግን ከነመልካቸው ትቆጥራለች» ነው ያሉት። ይህ አዲስ ትምህርት ሆኖብን ነበር። በስብሰባችን ሁሉ «ሴቶች ንብረት እንዲኖራቸው እናስተምር» እያልን እንናገራለን፤ እኚያ አያት ምን እንደምናስተምራቸው አናውቅም።

በጉ ራሱ የመንዝ ሌላው ሀብት ነው። ትንሽ፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ብርድ የማይበግረው በግ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ከዚህ ይወጣል። በባና የሚነግዱ አባሎቻችን ስላሉ ዋጋውን እናውቃለን። አንድ ቀን ለትምህርት ብለን የአንድ ባና ወጪ አሰላን፤ ጠጉር ይህን ያህል፣ የሸማኔ ይህን ያህል፣ ማጓጓዣ ይህን ያህል። አንዷ እህታችን ወረቀቱን አየችና «መፍተሉስ?» አለችን። አላስገባነውም ነበር። በምሽት፣ ልጅ እያስተኙ፣ ወጥ እየተጠበቀ የሚሠራ ስለሆነ ሥራ አልመሰለንም። ስናስገባው ባናው ከሚሸጥበት ዋጋ በላይ ሆነ። ያን ወረቀት ለደጋፊዎቻችን አልላክነውም ነበር፤ አሁን በዚህ እንናገረዋለን።

ወደ ጓሳ እንመለስ። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው በምሥራቁ የተራራ ጫፍ ላይ፣ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ውርጫማ ምድር ነው። ጅብራና አስታ ይበቅልበታል፤ ጭላዳ በመንጋ ይግጥበታል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የሌለው ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ ይኖርበታል። እናቶቻችን ስለ ቀበሮው ስንጠይቃቸው ሳቁ። ለነርሱ ጓሳ ማለት የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ፣ ከመኝታ ሥር የሚነጠፍ፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ የሚለሰንበት ሣር ነው። ማገዶም ነው። ጥሩ የጓሳ ክዳን ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቆርቆሮ ውስጥ ያደረች የመንዝ ሴት ሌሊቱን የምታማርረው ለዚህ ነው።

ይህን ቦታ የጠበቀው ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። በቃል የሚነገረው ታሪክ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን እንደያዙና ጓሳውን ለከብት ግጦሽና ለሣር በጋራ እንዳስቀሩት ነው። የመጠቀም መብቱ የእነርሱ ዘር ለሆኑ ባለርስቶች ነበር። ከሁለቱም ወገን አፈሮ የሚባል አለቃ ይመረጣል። አፈሮው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ ጓሳን ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት። በተዘጋበት ጊዜ አጭዶ የተገኘም፣ ከብት ያስገባም ይቀጣል። ጥበቃው በተራ ነው፤ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋው ደረቅ ወራት፣ ቀን ተቆርጦ ይታወጃል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ሁሉም ለቆ ይወጣል፣ ይዘጋል።

እንደ ሂሳብ ሰው ስናየው ይህ የሚያስቀና ሥራ ነው። ያለ ባንክ፣ ያለ ኦዲተር፣ ዋናውን ሳይነኩ ወለዱን ብቻ መብላት ማለት ነው። ጉባኤ ላይ ያቀረብነውም ይህንኑ ነበር። ስህተታችን እዚያው ማቆማችን ነበር።

እናታችንን ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። እሳቸው ልጅ ሳሉ ቄሮ ነበር። «እማማ፣ ሲዘጋ ምን ታደርጉ ነበር?» አልናቸው።

«ምን እናደርጋለን ልጄ፣ ኩበት እናነዳለን» አሉ። «ከብት ያለው ኩበቱን ይጠፈጥፋል። የኛ ቤት አባቴ ከሞተ በኋላ አንድ ላም ነበረች። የአንድ ላም ኩበት እንጀራ ይጋግር ይሆናል እንጂ ቤት አያሞቅም።»

«ታዲያ?»

«እናቴ የሰው ከብት የሚውልበት ሄዳ ትለቅም ነበር፤ ተደብቃ። ኩበትም ባለቤት አለው። ሣሩ ሲከፈት ደግሞ ወንድ ያለው ቤት ሦስት አራት ሰው ይዞ ይወጣል፤ እናቴ ብቻዋን ማጭድ ይዛ ትወጣለች። ሲመሽ የርሷን ሸክምና የነርሱን ክምር አይቼ አለቅስ ነበር።»

በሥርዓቱ ላይ ተናደው እንደሆነ ጠየቅናቸው። አልተናደዱም። «ባይዘጋማ ኖሮ የሚታጨድም አይኖርም ነበር» አሉ። «እኔ ያልኩት አትዝጉ አይደለም። ሲዘጋ የኛን ቤት ማንም አልቆጠረውም ነው።»

ይህን ይዘን እንደገና ያነበብነውን አየን። አፈሮው ወንድ፣ ጠባቂው ወንድ፣ ባለድርሻው በአባወራ የሚቆጠር። የሚዘጋው ነገር ግን፣ ማለትም ማገዶው፣ ገመዱ፣ የሚለሰነው ግድግዳ፣ ከሞላ ጎደል በሴት እጅ የሚያልፍ ነው። ጥቅሙ ለሁሉም ነበር፤ የመዝጊያው ወጪ ግን እኩል አልተከፈለም። ከብት የሌላት ባልቴት ከሁሉም በላይ ትከፍላለች። ሌላም ነገር አለ። ኩበት በነደደ ቁጥር እርሻው ፍግ ያጣል። የጓሳው ሣር የዳነው በከፊል በደሀዋ ማሳ ዋጋ ነው ማለት ነው። ይህን የምናስበው እኛ ነን፤ እናታችን እንዲህ አላሉም። እሳቸው ያሉት «ገብሳችን ከጎረቤት ያጥር ነበር» ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ በፍጥነት ሊነገር ይችላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር የባለርስቶቹ የቄሮ መብትም ቀረ። አዋጁ መሬት ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት ይሰጥ ይላል። በተግባር ግን ገበሬ ማኅበሩ የመዘገበው አባወራውን ነበር። ርስት ያልነበራቸው ሰዎች በጓሳው መጠቀም ቻሉ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ጠባቂው ግን ጠፋ። ሁሉም እኔ ካልወሰድኩ ሌላው ይወስደዋል አለ፤ ሣሩም አስታውም ተጎዳ። እናታችን ያን ጊዜ አግብተው ነበር። «እንደልባችን ለቀምን» አሉ፤ «ለጥቂት ዓመት። ከዚያ የሚለቀም ከየት ይምጣ?»

የመንዝ ሰው እንደገና ተሰባስቦ፣ በመጀመሪያ እንደ ዕድር ያለ ደንብ አውጥቶ፣ በኋላም በየቀበሌው ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን መለሰ። በ2004 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት የጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ በደንብ አጸናው። አሁን ደመወዝተኛ ጠባቂዎች አሉ፤ ቱሪስት ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ሊያይ ይመጣል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ከባል ጎን ገብቷል። ከአባሎቻችን አንዷ ያን ደብተር በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ በሣጥን ቆልፋ ነው ያሳየችን። ፎቶው ላይ ፊቷን ቁጣ የሞላው ይመስላል። «ፎቶ ተነስቼ ስለማላውቅ ነው» አለችን።

አሁን ወደ ሣጥናችን። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሂሳብ ክፍሉ መዝገቡን አንድ ጊዜ ደግሞ ከፈተ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄው «ስንት ቀረ?» ሳይሆን «ሣጥኑ ቢዘጋ ማን ሌላ በር አላት?» የሚል ነበር። ትልልቅ ብድር የሚወስዱት አባላት ሱቅ ወይም የሚያግዝ ባል ያላቸው ናቸው፤ ሁለት ዓመት ቢጠብቁ ይከፋቸዋል እንጂ አይወድቁም። ትንንሹን፣ ለጤፍ፣ ለትምህርት ቤት ደብተር፣ ለሕክምና የሚወስዱት ግን ብቻቸውን ቤት የሚመሩ ናቸው። እነርሱ ሣጥኑ ሲዘጋ የሚሄዱት አራጣ አበዳሪ ዘንድ ነው። ደግሞም ያልጠበቅነውን አየን። ሣጥኑን ያሳሱት ትንንሾቹ አልነበሩም፤ እነርሱ ከሞላ ጎደል መልሰዋል። ይህ ቁጥር ከጉባኤው በፊትም መዝገባችን ውስጥ ነበር። እኛ ግን ድምሩን ብቻ ነበር ያነበብነው፤ ለዚህም አባላትን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ለመጪው ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ተለውጧል። ትልቁ ብድር ይዘጋ፤ ያልተመለሰውም ይሰብሰብ። ትንሹ ብድር ክፍት ይሁን፤ ጣሪያው ዝቅ ይበል እንጂ አይቆለፍ። የብድር ኮሚቴውም ውስጥ ብቻቸውን ቤት ከሚመሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ይግቡ። የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ በተለይ ሱቃቸውን ለማስፋት ቃል የተገባላቸው እህቶች አሉ፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። ይምጡና እንከራከር።

እናታችንን በዚያ ቀን ከፊት እንዲቀመጡ ጠይቀናቸው ነበር። «ከኋላ ይሻለኛል» አሉን፤ «ከኋላ ሆኜ ሁላችሁንም አያችኋለሁ።»